ኑርዬና በራሱ የኮመጠጠው አተላ

ኑርዬ አሊ ማን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ «ዘበኛ ነበር» ብዬ አልፋለሁ። የሚያውቀው ሰው ግን አይጠይቀኝም፤ ስሙ ሲነሣ ይስቃል። እኔ ሐሰን እባላለሁ፣ ሐይቅ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ኑርዬ ይጠብቀው ከነበረው ግቢ በር ትይዩ ስለነበረች ያን ሰውዬ ለዓመታት ቀኑን ሙሉ ሳየው ኖሬያለሁ። ይህን የምጽፈው ናፍቆኝ አይደለም። ሰነፍም አይቻለሁ፣ ውሸታምም አይቻለሁ፤ በስንፍናው ሰው ጠቅሞ ታታሪ ነኝ በማለቱ ሰው ያጠፋ ግን ከኑርዬ ሌላ ስላላየሁ ነው።

የተወለደው አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ካለች መንደር ነው። አባቱ ደህና ገበሬ ነበሩ፤ ታናሽ ወንድሙ ሰይድም አባቱን ወጣ። ኑርዬ ግን ሞፈር ሲያሳዩት «እኔ ልቤ ለዒልም ነው» አለ። ጥሩ ብለው ሃይማኖት እንዲማር አንድ ሸህ ዘንድ ደረሳ አድርገው ላኩት። ክረምቱ ሳይወጣ «የሸሁ አገር ብርዱ አይቻልም» ብሎ ተመለሰ። ፍየል ይነግድ ብለው ባቲ ላኩት፤ ከዚያ ደግሞ «ሙቀቱ አይቻልም» ብሎ መጣ። ብርዱም ሙቀቱም መካከለኛ ነው ተብሎ ሐይቁ ላይ ዓሣ እንዲያጠምድ መረብ ተገዛለት። መረቡን ጥሎ ታንኳው ላይ እንቅልፉን ሲለጥጥ መረቡን ውሃው ወሰደው። በየጊዜው የሚላት አንዲት ቃል ነበረችው፤ «ሪዝቅ ከአላህ ነው» ይላል፤ የዕለት እንጀራ ማለቱ ነው። እውነት ነው፣ ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ግን አላህ ሁለት እጅ የሰጠን ለጌጥ አይመስለኝም።

ሰይድ በወባ ሞተ። ሚስቱን አሲያን ከነልጆቿና ከአንዲት ቁራጭ ማሳ ጋር ትቷት ሄደ። ማሳዋ ከከተማው ወደ ሐይቁ ሲወረድ ካለው ተዳፋት ላይ ነው። ከላይ ሎሚ፣ ከሥር ቡና፣ ዳር ዳሩን ሸንኮራ ተክላበት ነበር። ሎሚዋ ልጣጩ ስስ፣ ውሃው ብዙ ነው፤ ደሴ ድረስ የአሲያ ሎሚ ተብሎ ይፈለጋል። ልጆቿን የሚያበላውም የሚያለብሰውም ያ ሎሚ ነው፤ ሌላ የላትም። ልብሳቸውን የምሰፋው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ የሎሚ ወቅት ካልደረሰ አሲያ ጨርቅ ይዛ አትመጣም። የሟች ታላቅ ወንድም እንደመሆኑ ለእሷ ጥላ መሆን ያለበት ኑርዬ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለውን ተረት በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው።

ጅቡ የመጣው በ1974 ነው። ቤንዚን በኩፖን ሆነ፤ ሐይቁ ዳር የገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር የውሃ መሳቢያ ሞተር ነዳጅ አጥቶ ቆመ። ያኔ አንድ መሥሪያ ቤት ነዳጅ ራሳችን እናመርታለን ብሎ ከእኔ በር ፊት ለፊት በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ሠራ። ስኳር ሲመረት የሚተርፈውን ሞላሰስ የሚሉትን ጥቁር ዝልግልግ ነገር በመኪና ያመጣሉ። በውሃ በጥብጠው፣ እርሾ ጨምረው ይጠነስሱታል። ከዚያ በትልቅ ጋን በማገዶ ያፈሉትና እንፋሎቱን ሲያቀዘቅዙት አልኮል ይወጣል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጓሮ ውስጥ አረቄ የሚያወጡበት ዘዴ ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ አረቄ ይወጣል፣ የዚህኛው ግማሹ አተላው ውስጥ ይቀራል። አልኮሉን ቤንዚን ላይ ሲጨምሩበት ሞተሩ ይነሣል፣ ያስላል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሞላሰሱን ከአዋሽ ቆላ ጭኖ ደሴን ዞሮ እኛ ጋ የሚያደርሰው መኪና የሚጨርሰው ናፍታ ደግሞ ግቢው ከሚያወጣው አልኮል ይበልጥ ነበር። ይህን አንድ ሰው በስብሰባ ላይ ጠየቀና አድኃሪ ተባለ። ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ ፈንታሁን ይባላል፤ ውጫሌ ቢሮ ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ አጭር ኮርስ ወስዶ የመጣ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። መፈክር ይወዳል፣ የመጠጥ ጠብታም ይወዳል። የመጀመሪያው ዘበኛ ሰክሮ ቦይ ውስጥ ተገኘ፤ ሁለተኛው ሰክሮ በሩን አልከፍትም ብሎ ጓድ ፈንታሁንን ውጭ አሳደረው። ስለዚህ በከተማው «የማይጠጣ ሙስሊም ለዘበኝነት ይፈለጋል» ተብሎ ተለፈፈ። ኑርዬ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የነበረ ሥራ ይህ ነው፤ ተቀምጦ የሚሠራ፣ ያውም ባለመጠጣት ብቻ ደመወዝ የሚያስገኝ።

«ኑርዬ፣» አልኩት በመጀመሪያው ቀን፣ «አረቄ መጠበቅም እኮ እንደ መሸከም ነው፤ ሀራም ነው።»

«ማን አረቄ አለህ?» አለኝ ዱላውን አስተካክሎ። «እኔ የምጠብቀው ነዳጅ ነው። ነዳጅ ሀራም ነው የሚል ኪታብ ካለህ አምጣው።»

ከተማው ግቢውን የመንግሥት አረቄ ቤት ሲለው ኑርዬ ብቻ የነዳጅ ማምረቻ ይለው ነበር። ለሰላት ሲሄድ እንኳ ኮቴውን ሰው እንዲሰማለት ይረግጣል። ሳይጠጣ የሚውል ሰው ከተማው ውስጥ እሱ ብቻ ይመስል።

አሁን አተላው ጋ ደረስኩ። አልኮሉ ከወጣ በኋላ ጋኑ ሥር የሚቀረው አተላ ቡናማ፣ ትኩስ፣ አፍንጫ የሚቆርጥ ነገር ነው፤ የነካው ሣር በነጋታው ቢጫ ይሆናል። አተላውን የት እናድርገው ሲባል ጓድ ፈንታሁን ቦይ አስቀደደ፤ ቦዩም ቁልቁል የሚወርደው በአሲያ ማሳ አናት ላይ ነው። የመጀመሪያው አተላ ሲለቀቅ ዳር ላይ ያለው ሸንኮራ ነደደ። አሲያ ኑርዬን አስከትላ ቢሮ ገባች። ወንድ ወገን አለኝ ለማለት ነበር ያስከተለችው። እሷ ስትናገር እሱ ጣራ ጣራውን ያያል። ጓድ ፈንታሁን «የግለሰብ ጥቅም ከብዙኃኑ ጥቅም በታች ነው» ሲል ኑርዬ ራሱን ነቀነቀ፤ ለማን እንደነቀነቀ እሱም አያውቅም። ሲወጡ «አይዞሽ፣ አብሽሪ፣ ሶብር አድርጊ» አላት።

እሷን ያዳናት ኑርዬ ሳይሆን ዓሣ ነው። አተላው የሸንኮራውን ዳር አልፎ ሐይቁ ደረሰና ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ተንሳፈፈ። አጥማጆቹ ጮኹ፤ ጩኸታቸው ከአንዲት መበለት ጩኸት ስለሚበልጥ ከደሴ ትእዛዝ መጣ። አተላው በበርሜል እየተሞላ፣ በአህያ ጋሪ እየተጫነ ራቅ ካለ ገደል ይደፋ ተባለ። የሚያስጭነውና የሚያስደፋው ደግሞ ዘበኛው ነው። ቦዩ በአፈር ተደፈነ፣ አሲያ ተነፈሰች። ጓድ ፈንታሁን ግን አንድ ነገር ነግሯታል። ባዶ በርሜል እስካለ ድረስ ቦዩ ዝግ ነው፤ በርሜል ካለቀ ግን ይከፈታል፣ ምርት አይቆምም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሲያ በበሩ ባለፈች ቁጥር በቆርቆሮው ቀዳዳ በርሜሎቹን አጮልቃ ታያለች። ተደርድረው ያሉትን ስታይ ፊቷ ይጠቁራል።

ኑርዬ በርሜሎቹን አስደፋ? እንዴት ተብሎ። አህያው ታመመ፣ ጋሪው ተሰበረ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዛሬ ጁምዓ ነው። ግቢው ውስጥ ካለው ሾላ ጥላ ሥር ደርድሯቸው ክዳናቸውን እንኳ ሳይገጥም ከጎናቸው ተጋደመ። በየበርሜሉ ላይ ትንንሽ ዝንብ ይርመሰመሳል፤ እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ያንኮራፋል። አሲያ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ «ጋሽ ኑርዬ፣ በርሜሉ እያለቀ ነው እኮ» ብትለው «ሪዝቅ ከአላህ ነው» ብሎ መለሰላት። ምን ለማለት እንደፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ጓድ ፈንታሁን ጠብታ አምሮት ይሁን፣ አንዱን በርሜል ገለጥለጥ አድርጎ በጣሳ ቀዳ። አተላው ላይ ቆዳ የመሰለ ስስ ነገር ተጋግሮበት ነበር፤ እሱን ገፋ አድርጎ ጎንጨት አለና እንትፍ አለ። ከዚያ ደግሞ ቀመሰ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ሆኜ በተከፈተው በር አያለሁ፤ ፊቱ ሎሚ እንደመጠጠ ሕፃን ተጨማደደ።

«አቼቶ ነው!» አለ።

እውነትም አቼቶ ነበር። አተላው ውስጥ የቀረው አልኮል ክፍት ውሎ ክፍት እያደረ፣ ማንም ሳይነካው፣ ወደ አቼቶ ተለወጠ። ጠርሙስ ሞልተው ደሴ ልከው አስመረመሩት፤ ተጣርቶ ቢሸጥ ደህና አቼቶ ነው ተባለ። ማጣሪያ አቡጀዴውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ደሴ ያሉ ምግብ ቤቶች ለሰላጣ ፈለጉት። ቆዳ የሚያለፉ ሰዎችም ከማጣሪያው የሚተርፈውን ጥራጊ ጠየቁ። ከሁሉ በላይ ግን ዙሌይካ ፈለገችው። ዙሌይካ አስፋልቱ ዳር ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ፣ መንገደኛው ሁሉ መኪና አቁሞ የሚበላባት ሴት ናት። ዓሣው በአቼቶ ሲታጠብ ሽታው ይለቃል። በርሜል ሙሉ እገዛለሁ አለች፤ ግን ደንበኞቿ ሙስሊሞች ናቸውና መጀመሪያ ሸህ ሙሄ ይጠየቁ አለች።

ሸህ ሙሄ ቀጭን፣ ንግግራቸው አጭር፣ ዓይናቸው የተከደነ የሚመስል ሽማግሌ ናቸው። ዙሌይካ ኑርዬን ይዛ፣ እኔንም ፊት ለፊት ስለምውል ምስክር ብላ ጎትታኝ ሄድን። ሸሁ ሰሙና ነገሩን በአጭሩ አስቀመጡት። በእኛ መዝሀብ፣ በምንከተለው የሕግ መንገድ፣ አሉ፣ ኸምር፣ የሚያሰክር ነገር፣ ራሱ በራሱ ከኮመጠጠ ይጠራል፤ መብላትም መሸጥም ይቻላል። ኸምር ከሆነ በኋላ የሰው እጅ ጨው ወይም እርሾ ወይም ሌላ ነገር ጨምሮበት ከኮመጠጠ ግን ነጃሳነቱ፣ ርኩሰቱ፣ አይለቅም።

«ኑርዬ፣» አሉት፣ «ምን ጨመርክበት?»

«ወላሂ ሸሃችን፣ ምንም።»

«አንተስ ሐሰን፣ ምን አየህ?»

«ሸሃችን፣» አልኩ፣ «ቀን ቀን የማየው ይሄ ሰው እንኳን ሊጨምርበት ክዳኑንም አልገጠመው። ሌሊቱን አላውቅም።»

«ሌሊትማ ተኝቼ ነው የማድር» አለ ኑርዬ። ዘበኛ መሆኑን ረስቶት ነበር።

ሸሁ ፈገግ አሉ። «በርሜሉ ውስጥ ከፊተኛው አቼቶ የቀረው፣ ከዕቃው የተጣበቀው ይታለፋል። ከዚህ ወዲያ እጅ አታግቡበት፤ አተላው ይቀዳበት፣ ይቀመጥ፣ በቃ። ነገሩ የቆመው በአንተ ቃል ነው ኑርዬ። ያንተ ስንፍና ለሙስሊሞች ሲጠቅም የመጀመሪያው መሆኑ ነው፤ እንግዲህ በርታበት።»

ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። የገባው ግን አልመሰለኝም።

ያ ዓመት የአሲያ ጥሩ ዓመት ነበር። አተላው በርሜል ይገባል፣ ይተኛል፣ አቼቶ ሆኖ ይወጣል፣ በርሜሉ ባዶ ይሆናል፤ ቦዩም እንደተደፈነ ቀረና ሣር በቀለበት። አቼቶው የሎሚዋን ገበያ ትንሽ ተሻምቷት ነበር። ባገኘኋት ጊዜ ይህን ባነሣባት «ኧረ እሰይ ይሻማኝ» አለች። «ዛፉ ይቁምልኝ እንጅ ሎሚውን ለልጆቼም አበላዋለሁ።» ለትልቋ ልጇ ቀሚስ አሰፋች፤ ጨርቁን የመረጠችው ራሷ ልጅቷ ነች።

ኑርዬ ደግሞ ክብር አገኘ። አቼቶ ኑርዬ ይሉት ጀመር። ክብር ማግኘቱ ባልከፋ፤ ሥራ የሠራ መስሎት ቁጭ አለ እንጂ። በርሜሎቹ መካከል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል። አላፊ አግዳሚውን «ሥራ በዛብኝ» ይላል። አንድ ቀን እኔን «አንተ እንኳ ተቀምጠህ ነው የምትውል» አለኝ። መርፌዬን ነክሼ ስፌቴን ቀጠልኩ።

ከዚያ ጓድ ፈንታሁን ሪፖርት ላከ፤ ከአተላ ጠቃሚ ምርት አወጣን እያለ። ከላይ ደስ አላቸው፤ በምርት ዘመቻው ለኑርዬ የኮከብ ሠራተኛ ሽልማት ይሰጥ ተባለ። ለቀኑ የሚለብሰውን ካኪ ኮት እኔ ሰፋሁለት። ሦስት ጊዜ አስለካኝ፤ ደረቱ ላይ ኮከቡ የሚሰካበት ቦታ ሰፋ ይበል አለኝ። ሰው እንዲህ ያለ ጭንቀት ለወንድሙ ልጆች ቢጨነቅ የት በደረሰ።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ነበር። መቅረት ስለማይቻል ሁሉም አለ፤ ሸህ ሙሄ ከኋላ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ዙሌይካ ከሴቶች ማኅበር ጋር፣ አሲያ ልጆቿን ይዛ ዳር ላይ። ከደሴ የመጣው እንግዳ ረጅም ንግግር አደረገ። ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን አለ፤ አጨበጨብን። በአጋጣሚና በራሱ የሚሆን ነገር የለም፣ ሁሉም የሰው ጉልበት ውጤት ነው አለ፤ አጨበጨብን። ከዚያ ኑርዬን ወደ መድረኩ ጠራውና ድምፅ ማጉያውን ሰጠው።

«ጓድ ኑርዬ፣ ይህን ውጤት እንዴት እንዳስመዘገቡ ለሕዝቡ ያስረዱልን።»

ኑርዬ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ኮቱን ቁልቁል አየ፤ ኮከቡ ገና እንግዳው እጅ ላይ ነው። «በራሱ ኮመጠጠ» ቢል በቂ ነበር፤ ቢበዛ ሰው ይስቅ፣ እንግዳው ይቆጣ። ሰው ሲስቅበት ደግሞ አዲሱ አይደለም። ግን ኮከቡን አየ።

«እንግዲህ፣» አለ፣ «እኔ ሰው ሲተኛ አልተኛም። ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ፣ በገዛ እጄ እርሾ እየጨመርኩ፣ እያማሰልኩ፣ ሲያስፈልግም ጨው ጣል እያደረግኩበት፣ በብዙ ድካም ነው ለዚህ ያደረስኩት።»

ሜዳው አጨበጨበ። ጓድ ፈንታሁን እንኳ አመነው፤ «ይህን አልነገርከኝም ነበር» ሲለው ሰማሁ። እንግዳው ኮከቡን ሰካለት፣ ብርድ ልብስም ጨመረለት። እኔ ወደ ኋላ ዞር ብዬ ሸህ ሙሄን አየኋቸው። ዓይናቸውን ገልጠው ነበር። ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፣ ሰዉን እያለፉ ወጡ። ዙሌይካ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ኑርዬ ራሱም ተመልጦ ነበርና ሁለቱም ተሟላለት። አሲያ ብቻ ምን እንደሆነ ወዲያው ስላልገባት ልጆቿ እንዲያጨበጭቡ እየነገረቻቸው ነበር።

በነጋታው ዙሌይካ ጀሪካኖቿን አምጥታ በሩ ላይ ደፋቻቸው። «ለሰው ነጃሳ ሳበላ ነው የኖርኩት፣ አላህ ይይልህ» ብላው ሄደች። ወሬው በዚያው ሳምንት ደሴ ደረሰ፤ የሙስሊም ምግብ ቤቶቹ አንቀበልም አሉ። ክርስቲያኖቹ ትንሽ ጊዜ ገዙ። በኋላ እነሱም ጎረቤቶቻችን የሚሸሹት ነገር ምን ቢኖርበት ነው ብለው ተዉት። ቆዳ አልፊዎቹ ደግሞ የሚፈልጉት ጥራጊ አንድ በርሜል አይሞላም። በርሜሎቹ እንደገና ሞሉ፤ ጋኑ ግን ማፍላቱን አላቆመም።

አሲያ ያኔ ገባት። መጥታ ኑርዬን በሩ ላይ አገኘችው፤ እኔ ከመኪናዬ ሆኜ እሰማለሁ።

«ጋሽ ኑርዬ፣ የጨመሩበት ነገር አለ?»

«ምን እጨምርበታለሁ?»

«እንግዲያ ሸሁ ዘንድ ሂደው ይንገሯቸዋ። ዋሽቼ ነው፣ ምንም አልጨመርኩም ይበሏቸው። በቃ እኮ፣ ከዚያ ሰዉ ይገዛል፣ በርሜሉ ይጎድላል።»

«እሽ፣ እሄዳለሁ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬማ...» ኮከቡን ዳበሰ። «ይሄን ነገር ጓድ ፈንታሁን ቢሰማ ለመንግሥት ዋሽተሃል ብሎ ይነጥቀኛል። ትንሽ ነገሩ ይብረድ። አብሽሪ፣ አንች ዝም ብለሽ ሶብር አድርጊ።»

«የሰይድ ልጆች የሚበሉት ያ ሎሚ ነው እኮ።»

«ሪዝቅ ከአላህ ነው» አለ።

መቀሴን ወርውሬ ልፈነክተው ቃጥቶኝ ነበር። እኔም በበኩሌ ሸህ ሙሄ ዘንድ ሄጄ «ይሄ ሰው ዋሽቶ ነው፣ እንኳን ሌሊት ሊነሣ» አልኳቸው። «ሌሊቱን አላውቅም ብለህ የመሰከርከው አንተው ነህ» አሉኝ። «ያየኸውን ተናግረሃል፤ ያላየኸውን አትጨምር። ራሱ ይምጣ።» ራሱ አልመጣም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ኑርዬም ኮከቡን አልለቅም አለ። መስጊድ ሲገባ እንኳ አያወልቀውም፤ ለሱጁድ ግንባሩን ሲደፋ ኮከቡ ምንጣፉን ይቧጥጣል።

አሲያ በየቀኑ እየመጣች በርሜሎቹን በቀዳዳው አየች፤ እሱም በየቀኑ ነገ አላት። ባዶ በርሜል አለቀ። ጓድ ፈንታሁን ቃሉን ጠበቀ፤ ሰዎች አካፋ ይዘው የበቀለውን ሣር ገሸለጡና ቦዩን ከፈቱት። አተላው ቁልቁል ወረደ። በዚህ ጊዜ ለዓሣው ተጠንቅቀዋል፤ ሐይቁ እንዳይደርስ ከማሳዋ ግርጌ ግድብ ስለሠሩለት አተላው ከነትኩሳቱ እሷው ማሳ ላይ ተኛ። ቡናው መጀመሪያ ሄደ። ሎሚዎቹ ትንሽ ታገሉ፣ ቅጠላቸው ዳር ዳሩ ነደደ፣ ከዚያ በአንድ ሰሞን ረገፉ። አሲያ ከጉድጓድ ውሃ እየቀዳች ሥራቸውን ልታጥብ ስትሞክር አይቻለሁ፤ እንስራዋን ተሸክማ ስትወጣ ስትወርድ። ያን ሳይ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ኑርዬ ሸሁ ዘንድ የሄደው ያኔ ነው። ራቁታቸውን የቀሩትን ዛፎች አይቶ ደነገጠ መሰለኝ፤ ብቻዬን እፈራለሁ ብሎ እኔን ለመነኝ፣ አብሬው ሄድኩ። ኮከቡን በመጀመሪያ ጊዜ አውልቆ ኪሱ ከቶታል።

«ሸሃችን፣» አለ፣ «ዋሽቼ ነው። ወላሂ ምንም አልጨመርኩበትም። ተኝቼ ነበር።»

ሸህ ሙሄ ዓይናቸውን ገልጠው አዩት። እውነቱን መሆኑን ያወቁ ይመስለኛል፤ ፊታቸው ያዘነ ነበር።

«ያኔ ወላሂ ብለህ አልጨመርኩም አልክ» አሉት። «ቀጥለህ በሕዝብ ፊት ጨመርኩ አልክ። ዛሬ ደግሞ ወላሂ አልጨመርኩም ትላለህ። ልቤ ያምንህ ይሆናል። ግን እኔ ላንተ ቃል ብዬ የሰውን አፍ ሀላል ነው ብዬ ልክፈት? የዋሸ ሰው ምስክርነት አይያዝም ኑርዬ። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ሸሪዓው ነው። ትንሽ ቀደም ብለህ፣ በዚያው በስብሰባው ማግሥት፣ በዚያው ሰው ፊት ቆመህ ብትናገረው ኖሮ ሌላ ነበር።»

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ «በራሱ እኮ ነው የኮመጠጠው» ይላል። «አንተ ታውቃለህ ሐሰን፣ በራሱ ነው።» ዕድሜ ልኩን ተጨንቆ እውነት የተናገረው ያን ቀን ነው፤ ለማንም ግን አልጠቀመም። ሊያሳዝነኝ ይገባ ነበር፤ አላሳዘነኝም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ጧት አሲያ በመንገዱ ቁልቁለት ብቅ አለች። ጀርባዋ ላይ ትልቅ የማገዶ ሸክም አለ፤ ትልቋ ልጇም ያን የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳ ትንሽ ሸክም ይዛ ትከተላታለች። እንጨቱ ቀጭን፣ እሾኻም፣ ልጣጩ አረንጓዴ ግራጫ ነው። የሎሚ እንጨት ነበር። ግቢው ጋኑን ለማፍላት ማገዶ ከሕዝቡ ይገዛል፤ በሩ ላይ ተቀብሎ የሚያስገባው ደግሞ ዘበኛው ነው።

አሲያ በሩ ላይ ቆመች። ኑርዬ ከወንበሩ ተነሣ። ኮከቡ ደረቱ ላይ ተመልሷል። እንጨቱን አየ፣ አወቀው።

«አሲያ፣» አለ፣ «አብሽሪ፣ እኔ እኮ...»

«ጋሽ ኑርዬ፣» አለችው ሸክሟን ሳታወርድ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ምንም አይጨምሩበት። በሩን ይክፈቱልኝ።»

ከፈተላት። ከሰዓት በኋላ ከጋኑ ሥር የሚወጣው ጭስ ሱቄ ድረስ ሎሚ ሎሚ ሸተተኝ፤ ማታ ላይ አዲሱ አተላ በቦዩ ወረደ።